የሐሙስ ቅጽ

ከሪ፣ ኪንግ ደሴት
ፌብሩዋሪ 2፣ 2021

ሜሬ፣ እንደምን ከርመሻል?

አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደከሰሳችሁ እርስ በርሳችሁ አትጠራጠሩ። የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ቤቶችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፍኩት እኔ ቬርና ፓስኮ ነኝ፣ ከነስሜ ከነአድራሻዬ። አንቺን ግን አልከሰስኩም። ስምሽን ያነሳሁት በደህና ነው።

ለገና ወንድሜን ልጠይቅ በርኒ መጥቼ ያየሁትን አንቺም ታውቂዋለሽ። የምግቡ ቁም ሣጥን ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ኬልቪን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዳውን ሲንድሮም አለበት እንጂ ሌባ አይደለም። ያ ቤት ቤቱ ነው፣ ዳቦውም የራሱ ዳቦ ነው። እሷኑ ለማግኘት እኔ ፊት ቆሞ "እባክሽ ሜሬ" ብሎ ለመነሽ። አንቺም ቁልፉን ከአንገትሽ አውልቀሽ ከፈትሽለት። ያን ቀን አውሮፕላኑ ላይ ደሴቱ እስክደርስ አለቀስኩ። እኔ ደግሞ አልቃሻ አይደለሁም። ክረምት ከበጋ ማዕበል የጣለውን የባሕር አረም መኪናዬ ላይ በተገጠመ መጎተቻ ዊንች ስጎትት የኖርኩ ሴት ነኝ።

ትን እንደሚለው ላልሽው፣ አውቃለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያኝክ ነው የሚውጠው። እናታችን አጠገቡ ተቀምጣ "አኝክ፣ አኝክ" እያለች ነው ያሳደገችው። አጠገቡ ተቀመጠች እንጂ አልቆለፈችበትም። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ያለ ፈቃድ በሰው ላይ ምግብ መቆለፍ ክልክል ነው፣ በቃ።

ደግሞ "ወይዘሮ ፓስኮ" ማለትሽን ተዪ። እዚህ ደሴት ላይ ወይዘሮ የሚለኝ ፖሊስ ብቻ ነው፣ እሱም መኪናዬን ሲያስቆመኝ።

ቬርና


በርኒ
ማርች 11፣ 2021

የተከበሩ አክስቴ ቬርና፣

ስምዎን ብቻ ጠርቼ መጻፍ አልሆንልኝ አለ። ፊጂ ያደገ ሰው ታላቁን በባዶ ስም ከጠራ ላባሳ ያለችው እናቴ እዚህ ድረስ ይሰማታል። ስለዚህ አክስቴ ብያለሁ፤ ቅር ካለዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሰዎቹ መጥተው ነበር፣ ሁለት ሴቶች። ቀኑን ሙሉ ዋሉ፣ ኬልቪንንም አነጋገሩት። እሱማ እንግዳ መጣልኝ ብሎ አንደኛዋን እጇን ይዞ ክፍሉን ሲያስጎበኛት ዋለ። ጓጉንቸሩ በዚያው ሳምንት ወረደ። ይህን ማየት ነበረብዎት፤ የቁም ሣጥኑን በር ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፣ ደግሞ ይከፍተዋል። ምንም አያወጣም። ብቻ ከፍቶ ያየዋል። "የኔ" ይላል።

በቁልፉ ፈንታ ምን ተደረገ ላሉኝ፣ ሴቶቹ ጥሩ አድርገው ጽፈውታል፦ ኬልቪን ሲበላም ሆነ ወጥ ቤት ሲገባ አንድ ሠራተኛ እጅ በሚደርስበት ርቀት አጠገቡ ይሆናል፣ ዳቦው በትንንሹ ይቆረጣል፣ ይህም በየሰዓቱ ቅጹ ላይ ተሞልቶ በሁለት ሠራተኞች ይፈረማል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ናችሁ ወይ ብለው ለጠየቁኝም፣ በመርሐ ግብሩ ላይ ሁለት ነን።

ሴቶቹ አንድ ነገር ብቻ በክፉ አነሱብን። የድሮውን መዝገብ ሲያገላብጡ ሦስት ያልተሞሉ ቦታዎች አገኙ። ኃላፊያችን ሎሬል ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ከዛሬ ጀምሮ አንድ ባዶ ቦታ ባገኝ ባለቤቷን አላውቃትም" አለችን። ከዚያ ወዲህ የኛ መዝገብ የተባረከ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ገልጠው ቢያዩት እንኳ ባዶ የለበትም።

ኬልቪን ሰላም ብሎዎታል። ለርስዎ የሣለው ሥዕል አብሮ አለ። አረንጓዴው ነገር መኪናዎ ነው አሉ።

አክባሪዎ፣ ሜሬሴይኒ


በርኒ
ሜይ 27፣ 2021

ለወይዘሮ ቬርና ፓስኮ፣

በወንድምዎ በአቶ ኬልቪን ፓስኮ ሜይ 18 ቀን በደረሰው ድንገተኛ ሕልፈት ድርጅታችን የተሰማውን ጥልቅ ኀዘን ይገልጻል። ሁኔታው በሕጉ መሠረት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተገልጿል። ጉዳዩ በአሟሟት መርማሪ ዳኛ የተያዘ በመሆኑ ሠራተኞች በስልክ ጥያቄ መመለስ አይችሉም። የሟች መዝገብ ሙሉ ቅጂ በጥያቄዎ መሠረት ይላክልዎታል።

ሜሬሴይኒ ዋንጋ
የቤቱ ሠራተኛ


ከሪ፣ ኪንግ ደሴት
ጁን 4፣ 2021

ሜሬ፣

ይሄ ያንቺ ደብዳቤ አይደለም። ፊርማው ያንቺ ነው፣ ሌላው የማን እንደሆነ አላውቅም። ያቺ ሎሬል አጠገብሽ ቆማ ነው ያስጻፈችሽ? "ድርጅታችን ኀዘን ተሰማው" ማለት ምን ማለት ነው? ድርጅት ያለቅሳል እንዴ?

ቅዳሜ ቀበርነው። እዚሁ ከሪ፣ እናታችን አጠገብ። አሥራ አራት ሰው መጣ፤ ከነዚያ ውስጥ ኬልን የሚያውቁት አራት ናቸው። አንቺን በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠብሽው፣ ያበላሽው፣ ጺሙን የላጨሽው ሰው ነው። አልመጣሽም። ከልክለውሽ እንደሆነ ንገሪኝ፣ ፈርተሽ እንደሆነም ንገሪኝ።

ደህና ነዎት ወይ ብለሽ በጽሑፍ መልእክት የጠየቅሽኝ ደርሶኛል። ደህና አይደለሁም። አልተኛም። ዶክተሩ ጉሮሮው ውስጥ ዳቦ ተገኘ አለኝ። ዳቦ፣ ሜሬ። እኔ ነኝ ያን ጓጉንቸር ያስወለቅኩት። በገዛ እጄ፣ በሦስት ገጽ። መንደሩ ውስጥ ማንም በፊቴ አይናገረውም፣ ግን ሱቅ ስገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ።

ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ያን ሰዓት አጠገቡ ማን ነበር? ጓጉንቸሩ ቢኖር ኖሮ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር? ይህን ካልነገርሽኝ ሌላ ደብዳቤ አትላኪልኝ።

ቬርና


በርኒ
ጁን 20፣ 2021

የተከበሩ አክስቴ ቬርና፣

ይህን የምጽፈው ከቤቴ ነው፣ በራሴ ወረቀት። ያኛው ደብዳቤ የኔ አልነበረም፣ ልክ ነዎት። "ይቅርታ" የሚል ቃል እንዳይገባበት ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመለሰልኝ። ይቅርታ ያለ ሰው ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው ይላሉ ጠበቆቹ። ቀብር እንዳልመጣም ተነግሮኛል። ግን ደግሞ ፈርቻለሁም። ሁለቱም ነው።

ብቻውን አልነበረም። እኔ ነበርኩ፤ ሌላዋም ሠራተኛ ነበረች። ፈጥነን ደረስን። ብዙ አልተሠቃየም።

የቀረውን በወረቀት ልጽፈው አልችልም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሰው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ የተበደለው ሰው ቤት ሄዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ባለቤቱ ጥርሱን እስኪቀበለው ቀና አይልም፤ ካልተቀበለውም እንዳቀረቀረ ይመለሳል። አጎቴ አንድ ጥርስ አለው፤ ልኮልኛል። የአውሮፕላን ቲኬት ጠይቄያለሁ። ይፍቀዱልኝና ልምጣ። ፊትዎን ሳላይ ይቅርታ ብል ቃሉ ውሸት ይሆንብኛል።

ሜሬሴይኒ


ከሪ፣ ኪንግ ደሴት
ጁላይ 3፣ 2021

ሜሬ፣

አይሆንም፣ አትምጪ። ወለሌ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔም ጥርስ አልሰበስብም። ወጋችሁን ንቄ አይደለም። ግን መሬት ላይ አንገትሽን ደፍተሽ ብትቀመጪ እኔ አሳዝነሽኝ አነሳሻለሁ፤ ካነሳሁሽ በኋላ ደግሞ ልጠይቅሽ አልችልም። ስለዚህ እዚያው ሁኚና ወረቀት ላይ ተናገሪ።

መዝገቡን ልከውልኛል። ምስጋና ይግባቸው፣ መቶ አርባ ገጽ። ከላዩ ላይ "መዝገቡ ሙሉና ያልተጓደለ መሆኑን እናረጋግጣለን" የሚል ማኅተም አለው። ሦስት ቀን ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ማዕበሉ የጣለው አረም ባሕሩ ዳር ሲበሰብስ ዘወር ብዬ አላየሁትም።

ማክሰኞ ሜይ 18። አምቡላንስ የተጠራው ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው፤ የአምቡላንሱ ወረቀት እጄ ላይ አለ። በእናንተ ቅጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ዘጠኝ ሰዓት፤ ሻይና ዳቦ፤ በትንንሹ ተቆርጧል፤ ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ በደንብ በላ።" ሁለት ፊርማ።

ሜሬ፣ ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር።

ገጹን ገለጥኩ። ረቡዕ ቁርስ፣ በደንብ በላ። ሐሙስ እራት፣ በደንብ በላ፣ ሁለት ፊርማ። ዓርብ ታጠበ፣ ጺሙን ተላጨ፣ ተባባሪ ነበር። ያን ዓርብ ሬሳ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን አስረጂኝ። ይህን ሁሉ ገጽ ሲያባዙ፣ ማኅተም ሲመቱበት አንድ ሰው እንኳ አላነበበውም?

ሌላዋ ሠራተኛ ያልሽኝን ደግሞ ስሟን ንገሪኝ። እኔው እደውልላታለሁ።

ቬርና


በርኒ
ጁላይ 15፣ 2021

አክስቴ፣

ሌላ ሠራተኛ አልነበረችም። ዋሽቼዎታለሁ። 

ከጃንዋሪ ወር ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነኝ። ጂሊያን የምትባል ነበረች፤ ለቀቀች፤ በቦታዋ ሰው አልተቀጠረም። ስሟ ግን ከመርሐ ግብሩ አልወጣም፣ ምክንያቱም ከወጣ ቤቱ ደንብ ጣሰ ይባላል። ሁለተኛውን ፊርማ የምፈርመው እኔ ነኝ፣ የጂሊያንን አስመስዬ። መጀመሪያ የድሮ ፊርማዋን እያየሁ ነበር የምገለብጠው። በኋላ ከራሴ ፊርማ ይልቅ የሷ ያምርልኝ ጀመር።

ቅጹን የሳምንቱን በሙሉ ሰኞ ጠዋት ነው የምንሞላው። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም። ሎሬል ስለ ባዶ ቦታዎቹ ከተቆጣችን በኋላ እንዲህ ሆነ። ሰው እያጠቡ፣ እያበሉ፣ ልብስ እየቀየሩ በየሰዓቱ መጻፍ ለአንድ ሰው አይቻልም፤ ስለዚህ ቀድመን እንጽፈዋለን። የተለየ ነገር ከመጣ እናርመዋለን ብለን። ማክሰኞ የተለየው ነገር መጣ፤ እኔም ቅጹን ማረም ትዝ አላለኝም። በሚቀጥለውም ቀን ማንም ትዝ አላለው። ገጹ ስለሞላ ማንም የሚያየው ነገር አልነበረም።

አሁን የሆነውን ልንገርዎት። ኖርማ ገንዳ ውስጥ ነበረች፤ እያጠብኳት ነበር። እሷን ያውቋታል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደውን። አንገቷ አይጸናም፤ ለአንዲት ደቂቃ ከለቀቅኳት ትሰጥማለች። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ሰማሁ። "ኬል፣ መጣሁ፣ ጠብቀኝ" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ወንበር ወደቀ። የገንዳውን ውታፍ ነቀልኩና ጭንቅላቷን ደግፌ ውኃው እስኪወርድ ጠበቅሁ። እሷን ከውኃ ማውጫው ማንሻ መሣሪያ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፣ ብቻዬን አላነሳትም። ውኃው እስኪወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መርማሪው ጠይቆኛል፤ አራት ብያለሁ። ሌላ የሚባል ቁጥር የለኝም። እየጮህኩ ነበር፤ የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም። ስደርስለት ከንፈሩ ጠቁሯል። አወጣሁለት፣ ዳቦውን በጣቴ። ደረቱን ተጫንኩት፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ አላቆምኩም። በስተመጨረሻ ከአምቡላንሱ የወረደው ልጅ ነው እጄን ያነሳልኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ። ጓጉንቸሩ ቢኖር ኖሮ ያን ቀን አይሞትም ነበር። ይህን ልዋሽዎት አልችልም። ግን ሴቶቹ የጻፉት "ሰው አጠገቡ ይሁን፣ ከዚያ ቁልፉ ይውለቅ" ነበር። ቁልፉ በዚያው ሳምንት ወለቀ። ሠራተኛዋ ግን በወረቀት ብቻ መጣች፤ ወረቀት ላይ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። እርስዎ የጠየቁት ሰው እንዲቀመጥለት ነው። ሁለት ነን ብዬ ስለፈረምኩ ነው ሌላ ሠራተኛ ያልተላከልን። ያን ሸክም ከርስዎ ላይ አውርደው እኔ ላይ ይጫኑት።

ሎሬል ትናንት ቢሮዋ ጠርታኛለች። ቅጂው እንደተላከልዎት አሁን ገና ነው የገባት። "የቀን ስሕተት ነው በይ፣ ያለፈው ሳምንት ገጽ ነው በተሳሳተ ቀን የተጻፈው" ብላኛለች። ዳኛው ሴፕቴምበር ላይ ይጠይቀኛል። እንደዚያ ካልኩ ሥራዬም አለ፣ እኔም አለሁ። ካላልኩ ፊርማ አስመስዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ሦስት ልጆች አሉኝ። ገና አልመለስኩላትም።

ሜሬሴይኒ


ከሪ፣ ኪንግ ደሴት
ጁላይ 29፣ 2021

ሜሬ፣

ደብዳቤሽን አንዴ አንብቤ መኪና አስነስቼ ወጣሁ። የት እንደሄድኩ አላስታውስም። ስመለስ ጨልሟል።

ምን ላድርግ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ግን ጥያቄውን ከመስመሮቹ መሃል አይቼዋለሁና ልመልስልሽ። የቀን ስሕተት ነው ካልሽ እኔ ቀሪ ዕድሜዬን ወንድሟን በሦስት ገጽ የገደለች ሴት ሆኜ እኖራለሁ። በሌላ ቤት ያሉ ጓጉንቸሮችም ሁሉ "አያችሁ፣ ለደኅንነታቸው ነው" ተብለው ይመለሳሉ። እውነቱን ካልሽ አንቺ ትወድቂያለሽ። አዝንልሻለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን አላተርፍሽም። ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፤ አላልኩም፣ እንጃ፣ ላልልም እችላለሁ። ለኖርማ ግን ውኃው እስኪወርድ መጠበቅሽን አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን እጠብቅ ነበር። ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም። የሐሙሱን ቅጽ ደግሜ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ከሞተ በሦስተኛው ቀን የተጻፈውን። ከታች "ከቤተሰብ ጋር ያለ ግንኙነት" የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ በእጅ ጽሕፈትሽ እንዲህ ይላል፦ "ስለ እህቱ ጠየቀ። መቼ ትመጣለች አለ። ደስተኛ ነው።"

ወደ ኋላ ሄድኩ። ኤፕሪልም አለ። ማርችም አለ። ባለፈው ዓመትም አለ፣ ያው ቃል። ሐሙሱ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ሌሎቹስ? እኔ በዓመት አንዴ ነው የምመጣው፣ ስልክም አይወድም ስላላችሁኝ ብዙ አልደወልኩም። እነዚያን ቀኖች ወንድሜ ስለኔ ጠይቆ ነበር?

ቬርና


በርኒ
ኦገስት 12፣ 2021

የተከበሩ አክስቴ ቬርና፣

ዓርብ ዕለት ዋናውን መዝገብ ይዤ መርማሪው ዳኛ ቢሮ ሄድኩ። የጂሊያንን ፊርማ እንዴት እንደምፈርም ወረቀት ላይ አሳየኋቸው። ጸሐፊዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ ሰዓት አየቻቸው። ሰኞ ከሥራ ታግጃለሁ፤ የእገዳው ደብዳቤ ላይ የሎሬል ፊርማ አለ። ወደፊት በዚህ ሥራ እንደማልሠራ ጠበቃው ነግሮኛል። በድርጅቱ ሌሎች ቤቶች ያሉትንም መዝገቦች ተቆጣጣሪዎቹ በአንድ ቀን ወስደዋቸዋል። በየቤቱ ሳምንቱ እስከ ዓርብ ተሞልቶ ነው ያገኙት አሉ፤ ቀኑ ግን ማክሰኞ ነበር።

ለጠየቁኝ።

አዎ፣ ይጠይቅ ነበር ብዬ ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። እንዲህ ብጽፍ ደስ ይልዎታል፤ ማንም ውሸት ነው ሊለኝ አይችልም። ግን እኔ ያን ቦታ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቼዋለሁ። መጀመሪያ የሚለውን ሰምቼ ነበር የምጽፈው፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ሳይልም እጽፈው ጀመር፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን። ከዚያ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ስጽፈው ሰባት ጊዜ በልቤ እለዋለሁ፦ መቼ ትመጣለች፣ መቼ ትመጣለች።

ሰሞኑን ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ለመስማት ስሞክር የሚመጣብኝ የራሴ ድምፅ ነው። ከስንቱ ቀን ስንቱን እሱ ስለርስዎ እንደጠየቀ፣ ስንቱን እኔ እንደሞላሁት አላውቅም አክስቴ። ልለየው አልቻልኩም።

ሜሬሴይኒ